በሩን አላጠቁርም ያሉት እትዬ ዘይነባ

እትዬ ዘይነባ ማረፋቸውን የሰማሁት አራት ኪሎ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። የደወለችልኝ ልጃቸው ሰሚራ ናት። «እማዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች። ቀብሯ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው። ሰልፉን ትቼ ያገኘሁት መኪና ላይ ብወጣም፣ ስደርስ አፈሩ ተመልሶ ሰዉ መበተን ጀምሯል። መቃብሩ አጠገብ አንድ ሰው ብቻ ቀርተዋል፤ አቶ በድሩ፣ እትዬ ዘይነባ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠሩበት ፎቶ ቤት ባለቤት። ሲያዩኝ ሰላም እንኳ አላሉኝም።

«ይህች ሴትዮ ስንት ደንበኛ እንዳባረረችብኝ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። አንተ ያየኸው የመጨረሻዎቹን ነው» አሉና ፊታቸውን በመሐረባቸው ሸፈኑ።

እውነታቸውን ነው። እኔ የደረስኩት መጨረሻ ላይ ነው።

ፎቶ ቤቱ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ወደ ዶሮ ማነቂያ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። ፊት ለፊቱ እንደ ሌላው ነው፤ የፓስፖርት ጉርድ ፎቶ፣ ላሚኔሽን፣ የስልክ ሽፋን። ከባንኮኒው ጀርባ ግን ወፍራም ጥቁር መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ከተማው ውስጥ ሰው ሁሉ የረሳው ጨለማ ክፍል።

ያኔ የአንድ መሥሪያ ቤት ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ሥራዬ ስብሰባ ማንሳት ነው፤ መድረክ፣ የታሸገ ውኃ፣ ጭብጨባ። አባቴ ሲሞት ከአልጋው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ኔጌቲቭ ተገኘ። አንዱን፣ በወጣትነቱ አጥር ተደግፎ የቆመበትን፣ የሆነ ቦታ አሳጠብኩት። በሰጡኝ ፎቶ ላይ ሸሚዙ ኖራ፣ ፊቱ ከሰል ሆኗል። ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው። እትዬ ዘይነባ ጋ የሄድኩት ሰው ጠቁሞኝ ነው።

መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። አጠር ያሉ፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ፣ የአሥሩም ጣታቸው ጥፍር በኬሚካል ቡኒ የሆነ ሴት ናቸው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታሉ። ፎቶውን ከእጄ ተቀብለው ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«ማነው የገደለው?»

«ኧረ በሕመም ነው የሞተው፣ እትዬ።»

«እሱን አላልኩህም፤ ነፍሱን ይማረውና። ፎቶውን ማነው የገደለው?»

ይዘውኝ ገቡ። ቀይ አምፖል በርቷል፤ ክፍሉ ሁለት ሰው ከያዘ ሞላ ማለት ነው። ኔጌቲቩን፣ ምስሉን ወረቀት ላይ አጉልቶ በሚጥለው ማጉያ ውስጥ ከተቱት። «ስማ» አሉኝ፣ «ወረቀት ብርሃን ሲበዛበት ይጠቁራል። አባትህ ላይ ብርሃኑን አንዴ ደፉበት፤ እንደ ባልዲ ውኃ። አለቀ።»

ብርሃኑ ፊት የሚጋርዷቸው ሁለት ባለቀለም ማጣሪያዎች ነበሯቸው። ቢጫው ምስሉን ያለሰልሳል፤ በጥቁርና በነጭ መካከል ያለውን ግራጫ ሁሉ ያወጣል። ወይን ጠጁ ያጠነክራል፤ ጥቁሩን ከነጩ ቁርጥ አድርጎ ይለያል። ብዙ ሰው አንዱን መርጦ ይሠራል። እሳቸው ሁለቱንም በየተራ፣ ሰከንዱን በአፋቸው እየቆጠሩ ይጠቀማሉ። «መጀመሪያ በለስላሳው፣ ሰውየው እስኪመጣ። ከዚያ በጠንካራው፣ ሰውየው እስኪቆም» አሉኝ።

ወረቀቱን ኬሚካል ያለበት ሳህን ውስጥ ነክረው ሳህኑን በቀስታ ያወዛውዙት ጀመር። መጀመሪያ አጥሩ ወጣ። ቀጥሎ የሸሚዙ ስፌት። ከዚያ ቀስ እያለ የአባቴ ፊት። ግንባሩ ላይ የማላውቀው ጠባሳ አለ። ከዓይኑ ሥር ድካም። ሃያ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው፤ ያን ጊዜም ደክሞት ነበር።

«አባትህ ጥቁር ነበር፣ አይደል?»

«አዎ።»

«አሁንም ጥቁር ነው። ግን ፊት አለው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜዬ የእሳቸው ሆነ። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ስብሰባ» ነው የሚሉኝ። «ስብሰባ መጣ፣ ዝም በሉ፣ ያጨበጭባል» እያሉ ያስቁብኝ ነበር።

እትዬ ዘይነባ ወሎ ተወልደው በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር ፒያሳ የመጡ ናቸው። ፎቶ ቤቱ ሲቀጠሩ ሥራቸው ጉርድ ፎቶ በመቀስ መቁረጥ ነበር። ጨለማ ክፍሉ የአንድ ወንድ አጣቢ ግዛት ነው፤ ሴት አይገባም። እሳቸው ውኃ አቀብላለሁ እያሉ ከሰውየው ጀርባ ቆመው እጁን አጠኑ። ሰውየው አንድ ቀን ተጣልቶ ሲሄድ፣ በማግስቱ አቶ በድሩ ሱቁን ሊከፍቱ ሲመጡ እትዬ ዘይነባ የሰውየውን ሽርጥ ታጥቀው በር ላይ ይጠብቋቸዋል።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማን ሊሠራው ነው ታዲያ? አንተ?»

ይህን ሲያወሩልኝ አቶ በድሩ ከባንኮኒው ሆነው «ውሸቷን ነው፣ ለምናኝ ነው» ይላሉ። እሳቸው ደግሞ ከመጋረጃው ውስጥ «ወላሂ አልለመንኩም!» ብለው ይጮኻሉ።

አንዲት ወጣት የእናቷን የሠርግ ፎቶ ልታስጎላ መጥታ «ትንሽ ቀላ አድርጉልኝ» ስትላቸው እዚያ ነበርኩ። እትዬ ዘይነባ ኔጌቲቩን አንስተው አዩት።

«እናትሽ አሉ?»

«አሉ።»

«እንግዲያው አምጫቸውና እንጠይቃቸው። ፊቴን ለውጪልኝ ካሉኝ እሠራለሁ።»

ልጅቷ ተመልሳ አልመጣችም። አቶ በድሩ ባንኮኒውን መቱ። «ዘይነባ፣ የጠየቁሽን ስጫቸው እንጂ!»

«የእናቷን ፎቶ ነው የምሰጣት። ሌላ እናት ከፈለገች ሌላ ፎቶ ቤት ትሂድ።»

እንዲህ ያለው በየወሩ ነው። አንዱ ግን ከሌላው ሁሉ ይለያል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሱፍ የለበሰ፣ ስድሳን የተጠጋ ሰው መጣ። በሰፈሩ ስማቸው የታወቀ የአንድ ሟች ነጋዴ የበኩር ልጅ ነው። ቤተሰቡ የአባቱን ሙት ዓመት ምክንያት አድርጎ መጽሔት ሊያሳትም ነው፤ ለሽፋኑ የሚሆን ትልቅ የቤተሰብ ፎቶ ይፈልጋል። ኔጌቲቩ ላይ አባትየው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሐል ተቀምጠዋል፤ ሚስታቸው በቀኝ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ አራት ልጆች በዙሪያቸው። ከኋላቸው የቤቱ በር ተከፍቷል፤ ውስጡ ጨለማ ነው።

«በሩን ድፍን ጥቁር አድርጉልኝ» አለ ሰውየው።

«ለምን?»

«ቤተሰቡ ጎልቶ እንዲታይ ነዋ።»

«ከሰዓት በኋላ ይመለሱ።»

ጨለማ ክፍሉ ገባን። እትዬ ዘይነባ አምስት ቁራጭ ወረቀት ቆረጡና እየቀያየሩ በሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ አስቀመጡ፤ እያንዳንዱን ለተለያየ ሰከንድ። «ሙከራህን ሁልጊዜ የሚያስቸግረው ቦታ ላይ አድርግ። ቀላሉ ቦታ ራሱን ችሎ ይወጣል» አሉኝ። ቁራጮቹን አንድ ላይ ነከሯቸው። ብርሃን የበዛበት አምስተኛው ድፍን ጥቁር ሆነ፤ ሰውየው የፈለገው ያንን ነው። አራተኛው ላይ የቀሚስ ጠርዝ የሚመስል ነገር አለ። ሦስተኛው ላይ ግን ልጅ ቆማለች።

አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። አንድ እጇን የበሩ መቃን ላይ አድርጋ ሌሎቹን ከኋላ ታያለች። ግንባሯ ሰፊ ነው፤ ጆሮዎቿ ወጣ ያሉ። ማጉያው በጣለው ምስል ላይ መሐል ወደተቀመጡት አባት ዞሬ አየሁ። ግንባሩም ጆሮውም አንድ ነው።

«አየህ፣ ስብሰባ?»

«አየሁ። ልጃቸው ናት።»

«እኔ ምንም አላልኩም። እኔ በር ነው የማጥበው።»

ከዚያ ሙሉውን ፎቶ ሠሩት። ሽቦ ጫፍ ላይ በታሰረች ክብ ካርቶን በሩን ከብርሃን እየከለሉ፣ ካርቶኗን ሳያሳርፉ እያንቀሳቀሱ፣ ልጅቷን ከጨለማው አወጧት። ቤተሰቡም አልደበዘዘም። ፎቶውን ሲያጥቡ የልጅቷን ጆሮ አስጠግተው አዩና «ያ ረቢ» አሉ። «ይህችን ልጅ አውቃታለሁ። አትክልት ተራ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ወርቄ ናት።»

ሰውየው ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ፎቶውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«በሩን አጥቁሩ አልነበረም ያልኩት?»

«ሰው አለበት» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«ሠራተኛ ናት። ማንም አይደለችም።»

«ስሟን ያውቁታል?»

«ምን አገባሽ አንቺ! የታዘዝሽውን ሥሪ!»

እስከዚያ በአክብሮት ነበር የሚያናግራቸው። እትዬ ዘይነባ ድምፃቸውን አላነሱም። «ጌታዬ፣ እኔ ፎቶ ሳጥብ አርጅቻለሁ። ሰው ሲደበዝዝ አጉልቻለሁ፤ ሲጨልም አብርቻለሁ። የቆመ ሰው አጥፍቼ ግን አላውቅም። በእርስዎም አልጀምርም።»

አቶ በድሩ በመካከል ገቡ። ሰውየው ትልቅ ሰው ነው፤ ሰፈሩን ሁሉ ያውቃል። «ዘይነባ፣ በናትሽ። አንድ በር ነው። ጥቂት ሰከንድ ነው።»

እትዬ ዘይነባ ሽርጣቸውን ፈቱ፤ አጥፈው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። «እንካ፣ አንተ አጥቁረው። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ አለ። የእኔ እጅ ግን አይነካውም።»

አቶ በድሩ ማጠብ አይችሉም። ሱቁ ውስጥ የነበርነው ሁሉ እናውቃለን። ሰውየው ፎቶውን ለሁለት ቀደደ፣ ኔጌቲቩን ኪሱ ከተተና ወጣ። እትዬ ዘይነባም ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። ሦስት ሳምንት ቤታቸው ተቀመጡ። በአራተኛው ሳምንት አቶ በድሩ ሽርጡን አሳጥበው፣ በፌስታል ይዘው በራቸውን አንኳኩ። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም። ሰኞ ሥራ ገቡ።

ሽርጡ በተፈታበት ቀን ማምሻው ላይ ግን ሌላ ነገር ሆኗል። አምስቱን ቁራጮች በቦርሳቸው ይዘው ወጥተው ነበር። እትዬ ዘይነባ ሦስተኛውን በፖስታ ከተው «ና፣ ሽንኩርት እንግዛ» አሉኝ።

«የደንበኛ ፎቶ እኮ ነው፣ እትዬ» አልኩ፤ ፈርቼ።

«የቆመችው ማናት? እሱ ነው?»

አትክልት ተራ ልትበተን ስትል ደረስን። ጭቃው፣ የተረገጠው ጎመን፣ ተሸካሚዎቹ «መንገድ! መንገድ!» እያሉ። ወርቄ ሚዛኗ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ከሻሿ ሥር የወጡት ጆሮዎቿ እነዚያው ናቸው። እትዬ ዘይነባ ፖስታውን ሰጧት። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወረቀቷን አወጣች። የመዳፍ ግማሽ የማታህል ናት። ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየቻት።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?»

«እኔ ምን አውቄ። አንቺ ንገሪኝ።»

እንደገና አየች። «ቀሚሱን አወቅሁት» አለች ቀስ ብላ። «ከእናቴ ነጠላ የተሰፋ ነው።» ወረቀቷን ወደ እትዬ ዘይነባ አዞረቻት። «እኔ ነኝ? ዘይነባ፣ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«የዚያን ቀን እንዳትታዪ ተብያለሁ። ፎቶ አንሺው እስኪሄድ ጓዳ ሁኚ አሉኝ። ማየት አማረኝና በሩ ጋ መጣሁ። ጨለማው ውስጥ ነበርኩ እኮ። አልታይም ብዬ ነው የቆምኩት።»

«ታይተሻል» አሉ እትዬ ዘይነባ።

አንድ ገዢ መጥቶ «ኪሎው ስንት ነው?» አለ። ሚዛኑን አንስተው የመዘኑለት እትዬ ዘይነባ ናቸው። ወርቄ የልጅነት ፎቶ ኖሯት አያውቅም። በዚያ ቤት ማደጓን፣ የማን ልጅ መሆኗን ስትናገር ልጆቿ እንኳ በግማሽ ልብ ነበር የሚሰሟት። እትዬ ዘይነባ «ከፈለግሽ ምስክር እሆናለሁ፤ የትም ቦታ» አሏት።

ወርቄ አንገቷን ነቀነቀች። «ክርክር አልፈልግም። ቤታቸውንም አልፈልግም። ልጆቼ ይዩኝ፣ በቃኝ።» ወረቀቷን ከጡቷ ሥር ከተተቻት። ሽንኩርቱን በነጻ ልትሰጠን ስትል እትዬ ዘይነባ ተቆጧት፤ ሲከራከሩ ተሸካሚዎቹ ሳቁብን።

መጽሔቱ ወጣ፤ አይቼዋለሁ። ሌላ ቦታ በኮምፒውተር አስጠቁረውታል፤ በሩ ድፍን ነው። ሰውየው ተጸጽቶ ተመለሰ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አልተመለሰም። መጽሔቱን ለእትዬ ዘይነባ ሳሳያቸው ሽፋኑን አገላብጠው አዩና «ጥቁሩም ቢሆን ጥራት የለውም» ብለው መለሱልኝ።

ከዓመታት በኋላ የፒያሳው ያ ሁሉ ቤት ሊፈርስ ሆነ። የሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ ዕቃውን እየጫነ ወጣ፤ አቶ በድሩም መስታወቶቹን ፈተው ወሰዱ። እትዬ ዘይነባ እስከ መጨረሻው ቀን ሥራ ገቡ። የመጨረሻውን ቀን እዚያው ነበርኩ፤ በዚያ ሳምንት ያነሳሁትን የመንገዱን ፊልም እያጠብን። ሠራተኞች መጥተው የውጭውን በር ሲነቅሉ፣ አንዱ መጋረጃውን ሊገልጥ እጁን ዘረጋ።

«እንዳትከፍት! ወረቀት አለ!» ብለው ጮኹ እትዬ ዘይነባ።

«እማማ፣ ቤቱ ሊፈርስ ነው እኮ።»

«ይፍረሳ! አሥር ደቂቃ ጠብቅና ይፍረስ!»

ውጭ መንቀሉ ቆመ። የሠራተኞቹ አለቃ ሲስቅ ይሰማኛል። «እሺ እማማ፣ አሥር ደቂቃ» አለ። ጠበቋቸው፤ አካፋቸውን ተደግፈው፣ ስድስት ጎረምሶች። እትዬ ዘይነባ ፎቶውን አወጡ፣ አጠቡ፣ ውኃው እየተንጠባጠበ በሁለት ጣታቸው ይዘውት ወጡ። ለአለቃው አሳዩት። ከዚያ ራሳቸው መጋረጃውን ከሽቦው አውልቀው በክንዳቸው ጠቀለሉት።

ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ማጉያውን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አቆሙት። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የምትመጣው፤ በጀሪካን አጠራቅመው ያጥቡ ነበር። ጎረቤት ሽታው አስቸገረን ብሎ ቢከሳቸው፣ ኮሚቴው ፊት ቀርበው የሕንፃውን እናቶች ሁሉ ፎቶ በነጻ ካላጠብኩ አሉ። ክሱ ቀረ። ያደረባቸው የስኳር ሕመም ዓይናቸውን ሲያደክመው ሰሚራ «እማዬ በቃሽ» አለቻቸው። «ዓይኔ እንጂ እጄ መቼ ታመመ» አሏት።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከማረፋቸው አንድ ወር በፊት ነው። የፈረሰውን ሰፈር ያነሳሁባቸውን ፎቶዎች በአንድ ኤግዚቢሽን ላሳይ ነበር፤ አንዱን፣ ብቻውን የቀረ ግድግዳ ያለበትን፣ ራሴ አጥቤ ወሰድኩላቸው። ሰማዩን ሆን ብዬ በጠንካራው ማጣሪያ አጥቁሬዋለሁ፤ የሚያስፈራ ሰማይ። ፎቶውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት።

«ሰማዩ እንዲህ ነበር?»

«አልነበረም። ግን ያን ቀን ስሜቱ...»

«ስሜትህን ለሚስትህ ንገራት። የዚያን ቀን ፀሐይ ነበር፣ ስብሰባ። እኔም ነበርኩ። ፀሐይ እየሞቅን ነው ያፈረሱት። ሰማዩን ካጠቆርክ ክፉ ቀን ነበር ብለው ያልፉታል። እንደነበረው አድርገው፤ ያኔ ያማቸዋል።»

መታጠቢያ ቤቱ ገባን። እሳቸው ጀሪካን ላይ ተቀመጡ፤ መቆም አይችሉም ነበር። እኔ እሠራለሁ፣ እሳቸው ያዛሉ። አንደኛው ገረጣ። ሁለተኛው ላይ ግድግዳው ጠፋ። አምስተኛው፣ ስድስተኛው። ድካማቸውን አየሁ፤ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሰባተኛው ደህና ነበር። ለማንም ባሳየው ይበቃል።

«እኔ አሁን አይታየኝም» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ቀዩ አምፖል አቅንተው። «አንተ ንገረኝ። ጥሩ ነው?»

አዎ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። እንዲያርፉ ፈልጌ ነበር። እንደገና አየሁት።

«ገና ነው፣ እትዬ።»

ሳቁ። የዚያን ቀን የሳቁት ያኔ ብቻ ነው። «ታዲያ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ወረቀት አውጣ!»